ጎባ ላይ የታመመ ሽማግሌ ጠፋ

«ደህና ነኝ» የሚላችሁን ሰው ታምናላችሁ? እኔ የቀበሌ ጸሐፊ ሆኜ ጎባ ከሠራሁ ወዲህ ትቻለሁ።

ዘመኑ የደርግ ነው። በዕድሜ የገፉ ሰዎችን ጤናና ችግር የሚያጠና አንድ ጓድ ከአዲስ አበባ መጣና አስተርጓሚ ሆኜ ተመደብኩለት። መድኃኒትም ሆነ ሐኪም የሚላከው እሱ በሚሞላው ቅጽ መሠረት ነው ተባልን። መጀመሪያ አባ ጀማል ቤት ገባን። ዓይናቸው ከጠፋ ቆይቷል፤ ከመደባቸው የሚያነሷቸው ሁለት ሰዎች ናቸው።

«አባ፣ ጤናዎ እንዴት ነው?» አለ ጓዱ።

«አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ።»

«ዓይንዎስ?»

«አልሐምዱሊላህ።»

«ጉልበትዎስ?»

«አልሐምዱሊላህ። ከብቶቹም ደህና ናቸው።»

ጓዱ በእርሳስ «ጤነኛ» ብሎ ጻፈ። እኛ አገር ጤና የሚጠየቀው ለሰላምታ ነው፤ ሰላምታ ላይ ሕመሙን የሚዘረዝር ሰው ፈጣሪውን እንደ ከሰሰ ይቆጠራል። ይህን ባስረዳው፣ «እኔ የምጽፈው የተባለውን ነው» አለኝ። በዚህ አያያዝ ከባሌ ሽማግሌ የሚታመም አይገኝም።

ልንወጣ ስንል አባ ጀማል ፊታቸውን ወደ ድምፁ አዞሩ።

«አንተስ ልጄ፣ ጤናህ እንዴት ነው?»

ጓዱ ጥርሱን ታሞ ሦስት ቀን እንቅልፍ አላየም። ጉንጩ አብጦ አንድ ዓይኑን ሊዘጋው ደርሷል።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» አለ።

ከዚያ ቅጹን አየ። እኔንም አየኝ።

«ላጲስ ይዘሃል?» አለኝ።