የአቶ ሄራሞ ባለጥፍር ብረት

ሰው የሚፈራው ክፉ ነገርን ብቻ ይመስላችኋል? አይምሰላችሁ። ሰው ከሁሉ አብልጦ የሚፈራው ስሙን የማያውቀውን ነው። ጅብን ጅብ ብለን ስለምንጠራው በራችንን ዘግተን እንተኛለን፤ ምንነቱ ያልታወቀ ኮሽታ ግን ቁጭ አድርጎ ያነጋናል። በጃንሆይ ዘመን፣ በተለይ ወደ ማብቂያው ግድም፣ ስም የለሽ ብረት ቤቱ የተገኘበት ሰውማ እንቅልፍ የሚያጣው ብቻውን አልነበረም። ሰፈሩም አይተኛም፤ ፖሊስም አይተኛም።

ሆሳዕና አስተምር በነበረበት ጊዜ ጎረቤቴ አቶ ሄራሞ የእህል ነጋዴ ነበሩ። ከፎንቆ ገበያ ስንዴ እየሸመቱ የሚሸጡ፣ በቤተ ክርስቲያናቸው በሽምግልና የሚያገለግሉ፣ ድምፃቸው ከአጥር የማያልፍ ሰው። ወደ አገሩ ከሚመለስ አንድ ፈረንጅ የቆርቆሮ ሳጥን ገዝተው ኖሮ፣ ሲከፍቱት ከአሮጌ ልብስ ሥር አንዲት ብረት አገኙ። ስንዝር የምታህል፣ አራት የተቆለመሙ ጥፍሮች ያሏት፣ ወገቧ ላይ ሞላ የተጠመጠመባት፣ ዝገት የበላት ነገር ናት። ምን እንደሆነች ለማወቅ መሐሏን በእርሳስ ነካ ቢያደርጉ ቀጭ! አለችና እርሳሱን ለሁለት ከፈለችው።

ያኔውኑ ጉድጓድ ቢጨምሯት ይህን ባላወጋኋችሁ። እሳቸው ግን ቅን ሰው ናቸውና ለጎረቤት አሳዩ። አንዱ "የፈንጂ መቆስቆሻ ናት" አለ። ሌላው የሰው ጥፍር መንቀያ አደረጋት። ወሬው መናኸሪያ ሲደርስ አቶ ሄራሞ ሳጥን ሙሉ ፈንጂ ነበራቸው። የፈሩት ይደርሳል እንዲሉ፣ በማግስቱ ፖሊሶች መጥተው ሰውየውንም ብረቷንም ወሰዱ።

ሚስታቸው ወይዘሮ ማርታ ነጠላቸው መሬት እየጠረገ ትምህርት ቤት ድረስ መጡብኝ።

"መምህር ልጄ፣ አንተ የተማርክ ነህ። ነገ አዲስ አበባ ይልኩታል አሉ። አንዴ ከሄደ ማን ይመልስልኛል?"

ሄድኩ። ፖሊስ ጣቢያው እስክደርስ ግን ከራሴ ጋር ስከራከር ነበር። እውነት ፈንጂ ብትሆንስ? ለፈንጂ ባለቤት ጥብቅና የቆመ መምህር ምን ሊባል ነው? የጣቢያው አዛዥ፣ አንድ ሻምበል፣ ብረቷን በመሐረብ ጠቅልሎ ከራሱ ራቅ አድርጎ አስቀምጧታል። አስፈቅጄ ወደ መስኮቱ ወሰድኳት። ጫፏ ላይ ገመድ የሚታሰርባት ቀለበት፣ መሐሏ ላይ ትንሽ መንጠቆ፣ ሞላው ሥር ደግሞ የምስር ክክ የምታህል የደረቀች ስስ ነገር። ቀደም ሲል ዝዋይ ሐይቅ ዳር አስተምሬ ስለነበር ይህቺን አላጣኋትም። የዓሣ ቅርፊት ናት።

"የዓሣ ማጥመጃ ይመስለኛል" አልኩ። "ዓሣው መሐሏ ያለውን ሥጋ ሲስብ ጥፍሮቹ ይከደኑበታል።"

"ይመስለኛል?" አለ ሻምበሉ። "ለአንድ ዓሣ ይህ ሁሉ ጣጣ? እንግዲያው ይዛችሁ አሳዩኝ። አለዚያ ሁለታችሁም አዲስ አበባ ሄዳችሁ ይምሰላችሁ!"

ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል። ሦስታችንም በላንድሮቨር ወደ ቢላቴ ወንዝ ወረድን። ጥሬ ሥጋ ሰክተን፣ ገመድ አስረን ወረወርናት።

"መምህር፣ ዓሣው ባይመጣስ?" አሉኝ አቶ ሄራሞ።

"ይመጣል" አልኳቸው። ዓሣው ግን ለእኔ የገባው ቃል አልነበረም።

ቀጭ አለች። ብንስባት የዛፍ ግንጣይ። "ዛፍም ታጠምዳለች?" አለ ሻምበሉ። መልሰን ጣልናት። ፀሐይ አዘቀዘቀች። አቶ ሄራሞ በሀዲይኛ ይጸልያሉ፤ እኔም የሚሉትን ሳላውቅ አሜን እላለሁ። ድንገት ገመዱ መዳፌን ላጠው። አቶ ሄራሞ ያዙልኝ፤ ዞር ብል ሻምበሉም ቆቡ ወድቆ ከኋላ እየጎተተ ነው። አራቱ ጥፍሮች አፉን የጨመደዱት አንድ ትልቅ አምባዛ ጭቃው ላይ ተዘረረ።

"ፈንጂህ ጢም አለው!" ብሎ ሻምበሉ በሳቅ ፈነዳ። አቶ ሄራሞን እዚያው ለቀቃቸው። ብረቷን "ለምርመራ" አስቀረ፤ ዓሣውን ግን ግድ ውሰድ አላቸው።

ቤታቸው ስንደርስ ወይዘሮ ማርታ እልል እያሉ ወጡ። እልልታው ዓሣው ላይ ሲደርስ ተቋረጠ። በዚያን ጊዜ በሰፈራችን ባለጢሙንና ቅርፊት አልባውን አምባዛ ከምግብ የሚቆጥር አልነበረም።

"አንተ ግባ" አሏቸው ባላቸውን። "ይሄ እባብ ግን ደጄን አያልፍም!"

ያን ያየ ጎረቤት ዝም ይላል? ሳምንት ሳይሞላ እህል ሸማቹ ሁሉ ስለ እባብ በሊታው ነጋዴ ሰማ። አቶ ሄራሞ ተክዘው መጡና "መምህር፣ ለዚህኛውስ ምን ይዘን እናሳይ?" አሉኝ።

ሻምበል እንኳ ማስረጃ ይጠይቃል። ጎረቤት ግን መች ይጠይቃል!