ክብርት እትዬ አትንኩት

እድሳት ላይ ያለ ሆቴል ሁሉ አንድ «አይነካም» ባይ አለው። ከሌለው እድሳቱ ገና አልተጀመረም ማለት ነው። የእኛዋ የጽዳት ክፍል ኃላፊዋ ናቸው። ክብርት እትዬ አትንኩት እንላቸዋለን፤ በሌሉበት ነው እንጂ ፊት ለፊትማ ማን ደፍሮ።

ቱሪስቱ በዛ፣ ክፍል ጠፋ፣ ባለቤቱ ሆቴሉን ከላይ እስከ ታች ላድስ ብለው ተነሱ። እትዬም ተነሱ። መጋረጃ ሲወርድ መሰላሉ ሥር ቆመው «እኔ እያለሁ?» ይላሉ። የፎቁ በር ሲጢጥ እያለ እንግዳ ይቀሰቅሳል ቢባሉ፣ «ይበል እንጂ! ማን ወጣ ማን ገባ በምን ልወቅ?» አሉ። አናጺው ዘይት ቀባው። በነጋታው በሩ እንደገና ሲጢጥ አለ፤ ምን እንዳደረጉት እግዜር ይወቅ።

የፕላስቲክ አበባውንማ አታንሱብኝ። የእድሳቱ መሐንዲስ የጣለውን ከቆሻሻ አውጥተው፣ በሳሙና አጥበው፣ መልሰው እንግዳ መቀበያው ላይ ገተሩት። እንግዶች ሲያዩት ፊታቸውን ያዞራሉ። የእንግዳ መቀበያው ኃላፊ እኔ ነኝ፤ እኔ ወዴት ልዙር?

ልክ ናቸው አላልኩም። እንዲህ በሙሉ ልቡ የሚሳሳት ሰው ግን አይቼ አላውቅም።

ጉዱ የፈላው በሠራተኞች ማረፊያ ነው። ሐይቁን የሚያይ ሰፊ መስኮት ያላት፣ የጽዳት ልጆች እግራቸውን የሚያሳርፉባት ክፍል ናት። ጫማ አድርጎ መግባት ክልክል ነው፣ ማንም ይሁን ማን። «እዚህ የሚያርፈው እግር ነው፤ ጫማ ምን ደክሞት?» ይላሉ እትዬ። ባለቤቱ ግን ክፍሏ ለእንግዳ እንድትሆን፣ ልጆቹ ምድር ቤት እንዲወርዱ ወሰኑ።

እትዬ ልጆቹን ይዘው ገቡ፤ ያበጠ እግራቸውን ወንበር ላይ ሰቀሉ። «ቀኑን ሙሉ የሰው መስኮት ሲወለውሉ የሚውሉ ልጆች አንድ መስኮት አይገባቸውም? አልወጣም።»

ባለቤቱ ራሳቸው መሐንዲሱን አስከትለው መጡ።

«ጫማ» አሉ እትዬ።

ሰውየው ሳያስቡት ጎንበስ ብለው አወለቁ። ካልሲያቸው አውራ ጣቱ ላይ ተቀዷል። በቀዳዳ ካልሲ ቆሞ ማን ማንን ያዛል? መሐንዲሱ ጣሪያ ጣሪያውን ማየት ጀመረ። ባለቤቱ ጫማቸውን አንጠልጥለው ወጡና እኔን ጠሩኝ።

«ወይ አስወጣት፣ ወይ አብረሃት ውጣ።»

ደረጃውን ስወጣ የምናገረውን አዘጋጀሁ፤ ስለ ቱሪስቱ፣ ስለ ሥራው፣ ስለ ዘመኑ። አንኳኳሁ።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ፣ እትዬ።»

«ጫማህስ?»

አወለቅኩ። ቆሜ ስለዋልኩ ወለሉ እግሬን ሲነካው እፎይ አልኩ። ልጆቹ መስኮቱ ሥር ተደርድረው ዓይን ዓይኔን ያያሉ። እትዬ እግራቸውን አውርደው ወንበሩን ወደ እኔ ገፉልኝ።

«ልታስወጣን ነው የመጣኸው፣ ልጄ?»

ንግግሬ ጠፋብኝ ብል ውሸት ነው። አልጠፋብኝም፤ አስጠላኝ። እኚህን ሴትዮ ለካ እወዳቸዋለሁ። ወንበሩን በሩ ላይ አስደግፌ ተቀመጥኩበት።

«እኔ እያለሁ?» አልኳቸው።