የቧንቧ ሠሪው መፍቻ

ስሙ የገነነ ሰው ባለበት ሁሉ፣ ከበሩ ማዶ ወረቀት በብብቱ ይዞ የቆመ አንድ ሰው አይጠፋም። ዝናብ ቢመጣ ጃንጥላውን የሚዘረጋው ለድርሰቱ ነው፤ እሱ ይበሰብሳል፣ ወረቀቱ ይደርቃል። ቢያባርሩት እሺ ብሎ ይሄዳል፤ የሚሄደው ግን ዞሮ በጓሮ በኩል ለመምጣት ነው። እኔ ይህን ሰው «ክቡር ባለ ድርሰት» እለዋለሁ። ሌሎች ክቡር የተባሉት ወንበር ላይ ተቀምጠው ነው፤ እሱ ግን ደጅ ጠንቶ ያገኘው ማዕረግ ነው።

ዓይነቱ ብዙ ነው። አንድ ጸጉር አስተካካይ አውቃለሁ፤ ዝነኛ ዘፋኝ ወንበሩ ላይ ባስቀመጠ ቀን፣ ምላጩን ጉሮሮው ላይ እንዳደረገ የራሱን ዜማ አንጎራጎረለት። «እንዴት ነው?» አለው። «ግሩም ነው» አለ ዘፋኙ። ምላጭ ጉሮሮው ላይ ሆኖ ሌላ ምን ይበል? ጸጉር አስተካካዩ ግን እስከ ዛሬ «እሱ ራሱ መስክሮልኛል» ይላል። አንዲት የጥርስ ሐኪም ደግሞ አፉን ከፍቶ ለደነዘዘ አሳታሚ ሙሉ የግጥም መድበሏን አንብባለታለች። «አንድም ቦታ አልተቃወመም» ትላለች።

እነዚህ ሁሉ ግን ከጎረቤቴ ከቧንቧ ሠሪው ጋር ሲተያዩ ገና ተማሪዎች ናቸው። ሰፈሩ «ባለ መፍቻው» ይለዋል፤ ትልቁ መፍቻ ከእጁ ስለማይለይ።

እኔ ፊደል የቆጠርኩት ጢሜ ከሸበተ በኋላ ነው። አላፍርበትም። ማዕድ ላይ ዘግይቶ የደረሰ ሰው ሌላው የተወውን ሁሉ ጠርጎ ይበላል፤ እኔም እንደዚያው አነበብኩ። ጋዜጣ ላይ መጻፍ ስጀምር ታዲያ ጎረቤቶቼ ከትልልቅ ሰዎች ጋር የምውል መሰላቸው። እኔ የማውቀው ትልቅ ሰው የጋዜጣ ቤቱን ዘበኛ ብቻ ነው፤ እሱም በቁመት። ባለ መፍቻው ይህን ቢነግሩትም አያምንም። በሬን ይቆረቁርና «አባባ፣ አንዲት ቃል ብቻ!» ይለኛል። አንዲት ቃል የሚለው ሦስት ገቢር ያለው ተውኔት ነው።

ተውኔቱ ስለ ሁለት ወንድማማቾች ነው። ተጣልተው የአባታቸውን ቤት መሃል ለመሃል በግድግዳ ከፈሉት። የውሃው መግቢያ ታላቁ ጋ ቀረ፣ የፍሳሹ መውጫ ታናሹ ጋ። ታላቁ ሲናደድ ውሃውን ይዘጋል፤ ታናሹ ሲናደድ ፍሳሹን ይደፍናል። ሦስት ገቢር ሙሉ ግድግዳውን አቋርጠው ይሰዳደባሉ። ስድቡ ልብ ያደርሳል፤ ይህን አልክድም። አንዳንዱን እኔም ለአከራዬ ተጠቅሜበታለሁ።

የሰፈራችን ማኅበር አዳራሽ ኃላፊ ድርሰቱን ከፊቱ ገፋ አድርጎ እንዲህ አለው፦ «ያ ከመንገዱ ራስ ያለው ትልቁ ተዋናይ አንዲት ቃል ይናገርልህ፤ አዳራሹን ለአንድ ቅዳሜ እሰጥሃለሁ። ካልሆነ ቅዳሜውን ለሠርግ አከራየዋለሁ።» ከዚያ ቀን ጀምሮ ባለ መፍቻው እንቅልፍ የለውም። የሰፈሩ ልጆች መስመራቸውን ሸምድደው፣ ሚስቱ መጋረጃ ሰፍታ፣ የቀረው የዚያ ሰው አንዲት ቃል ብቻ ነበር።

ተዋናዩ መድረክ ከተወ ቆይቷል። ብቻውን ይኖራል፤ ሰውም አያስገባም። ባለ መፍቻው ሲያንኳኳ በሩን የከፈተው ራሱ ነው፤ ቆብ እስከ ቅንድቡ ደፍቶ፣ ድምፁን አጎርንኖ።

«ጌታው የሉም።»

«ጋሼ፣ ድምፅዎን እኮ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ።»

«እኔ ዘበኛ ነኝ አልኩህ!»

«ዘበኛውን ደግሞ እንዴት አድርገው ነው የሚጫወቱት፣ ጋሼ!»

በሩ ፊቱ ላይ ተዘጋ። ሌላ ሰው ቢሆን አፍሮ ይቀራል። ባለ መፍቻው ግን ፊቱ እንደበራ መጣ። «አባባ፣ ለእኔ ብቻ ተወነልኝ!»

ከዚያ የተዋናዩ የዕቃ ማጠቢያ ቧንቧ ፈነዳ። ባለ መፍቻው እጁ የለበትም፤ ምሎልኛል። በአካባቢው ያለው ቧንቧ ሠሪ እሱ ብቻ ስለሆነ ትልቁ ተዋናይ በገዛ አፉ ጠራው። እሱም ገባ፣ ዋናውን ውሃ ዘጋ፣ ከማጠቢያው ሥር በጀርባው ተንጋለለ፣ የመጀመሪያውን ገቢር ከደረት ኪሱ አወጣና ማንበብ ጀመረ።

«ውሃው መቼ ነው የሚለቀቀው?» አለ ተዋናዩ።

«ወንድማማቾቹ ግድግዳውን ሠርተው ሲጨርሱ፣ ጋሼ።»

በዚያ ቀን ትልቁን መፍቻ «ረስቶ» ወጣ። በማግስቱ ሊወስድ ተመልሶ ሁለተኛውን ገቢር አነበበ። ለሦስተኛው ገቢር ሰበብ ስላልነበረው ሲወጣ ቧንቧውን አላልቶት መጣ። ስሙን ለማያውቁት እናገራለሁ፤ ጎበዝ ቧንቧ ሠሪ ነው። እሱ የሠራው ቧንቧ ካንጠባጠበ፣ እንዲያንጠባጥብ ስለፈለገ ነው።

ሦስተኛው ገቢር ያለቀ ቀን ቤቴ ሲገባ ፊቱ ጠቁሮ ነበር።

«ሰውየው አርጅቷል፣ አባባ።»

«ምን አለህ?»

«‹ቋጠሮህ ጥሩ ነው፤ መፍቻ ግን የለህም› አለኝ። በእጄ እንደያዝኩት! ‹ይኸው ጋሼ› ብዬ አሳየሁት። አየኝ፣ አየኝና በሩን ዘጋብኝ።»

ነገሩን በጥሞና አሰብኩበት። «ምናልባት አነስ ያለውን ቁጥር ይሆናል» አልኩት። ቦርሳውን ጠረጴዛዬ ላይ ዘረገፍነው። መፍቻዎቹን በየቁጥራቸው ደርድረን የጎደለውን ስንፈልግ ሚስቱ ልትጠራው መጣች።

«ምንድን ነው ይሄ ሁሉ ብረት?»

ነገርናት። የበሩን መቃን ይዛ ሳቀች፤ ቁጭ እስክትል ድረስ ሳቀች።

«አንተ ሰው! ሲሰዳደቡ ይጀምርና ሲሰዳደቡ ያልቃል። የቋጠርከውን አልፈታህም ነው ያለህ! ሽንኩርት እየላጥኩ ስንት ጊዜ ነገርኩህ?»

«መቼ ነገርሽኝ?»

«‹እና ከዚያስ?› ስልህ!»

እኔም ይህንኑ ልነግረው ነበር አልኩ። ሁለቱም ትሕትና በጎደለው ዓይን ዞረው አዩኝ።

ማወቅና መሥራት ግን ለየቅል ነው። ባለ መፍቻው መጨረሻ ሊያበጅ ተቀምጦ እርሳሱን በላው። «ማን ቀድሞ ይክፈት? ታላቁ እንዲለምን ክብሩ አይፈቅድም። ታናሹ እንዲለምን እልሁ። ቢሞቱ ይሻላል» አለኝ። «ሁለቱንም?» አልኩት። «ለሁለቱም ልቅሶ አንድ ድንኳን ይበቃል» አለ። ቅዳሜው ቀረበ። ኃላፊው ሙሽሮች እየመጡ አዳራሹን እንደሚያዩ አስነገረው። ሚስቱ መጋረጃውን አጥፋ ሣጥን ውስጥ ከተተችው። ያን ቀን ባለ መፍቻውን ሳየው እውነት ለመናገር ሳቄ ጠፋ። ከበሬ ፊት ሲያልፍ «አንዲት ቃል» እንኳ አላለኝም።

በማግስቱ ባለ መፍቻው እኔ ቤት ሳለ ስልኩ ጮኸ። ድምፁ ከስልኩ አልፎ እስከ እኔ ይሰማል፤ የመድረክ ድምፅ ነው።

«ቧንቧው ያንጠባጥባል።»

«ጋሼ፣ ባለፈው እንኳን... ይሁን። ያሁኑን ግን አጥብቄዋለሁ። በልጆቼ!»

«ያንጠባጥባል አልኩህ። ና።»

ቦርሳው ከባድ ነው ብዬ አብሬው ሄድኩ። ቦርሳውን የያዘው እሱ ነበር፤ እኔ ሐሳቡን ያዝኩለት። ተዋናዩ በሩን ከፍቶ ዘወር አለ። የቀኝ እጅጌው እስከ ክርኑ ረጥቧል። ባለ መፍቻው ከማጠቢያው ሥር ገብቶ ተንጋለለ።

«ጋሼ፣ ይህን ብሎን የነካው መፍቻ አይደለም። ተፋፍቋል። በቢላዋ ነው የፈቱት።»

እኔ ወደ ጠረጴዛው አየሁ። ጫፉ የታጠፈ የማዕድ ቤት ቢላዋ አለ። ተዋናዩም ማየቴን አየና ፊቱን ሳያዞር፣ በዚያ በጎረነነ ድምፅ፦

«እኔ ምንም አላውቅም። ዘበኛ ነኝ።»

ባለ መፍቻው ሲስቅ ግንባሩን ከማጠቢያው ጋር አጋጨ። ግንባሩን እያሸ ብሎኑን እንደገና ዳሰሰ። ከሥር ድምፁ ብቻ መጣ።

«ጋሼ... ታላቁ ወንድም የገዛ ቧንቧውን ቢሰብርስ?»

«ለምን ብሎ?»

«ታናሹን ለመጥራት። መለመን አይደለማ፤ ብልሽት ነው። ቧንቧ ሲፈነዳ ማንም ሰው ጎረቤቱን ይጠራል።»

ትልቁ ተዋናይ ልብሱ ይርጠብ አይርጠብ ሳይል ወለሉ ላይ ተቀመጠ። «ታናሹ መጥቶ፣ ሆን ብሎ መስበሩን ቢያውቅበትስ?»

«ያውቅበታል። ግን አይናገርም፤ ዝም ብሎ ይጠግንለታል።»

«ይጠግንና?»

«ሲወጣ ትንሽ አላልቶት ይሄዳል።»

ትልቁ ተዋናይ ጠብታውን በመዳፉ ተቀበለ። «ጻፈው» አለ ተዋናዩ በመጨረሻ። «ቅዳሜ እመጣለሁ።»

መጣም። ሙሽሮቹ ሌላ አዳራሽ ፈለጉ። መጋረጃው ከሣጥን ወጣ፣ መቀመጫ ያጣው ግድግዳ ተደግፎ ቆመ። ከመጀመሩ በፊት የአዳራሹ ኃላፊ አጎንብሶ «እንግዲህ አንዲት ቃል» አለ። ትልቁ ተዋናይ ተነሣ። ባለ መፍቻው እኔ ጎን ትልቁን መፍቻ እንደ ሕፃን ታቅፎ ተቀምጦ ነበር።

«ይህን ሰው» አለ ተዋናዩ፣ «ቧንቧ እንዳታሠሩት። ድርሰቱን ግን ስሙት።» ተቀመጠ።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። የባለ መፍቻው ሚስት ግን አልሳቀችም። «አንዲት ቃል ለመንክ፣ ሁለት ሰጠህ! አንደኛዋ ገበያችንን ዘጋችው» እያለች በክርኗ ትጎሽመዋለች። ገበያው አልተዘጋም። ታናሹ ቧንቧውን አላልቶ ሲወጣ ያ ሁሉ ሕዝብ ተነሥቶ አጨበጨበ፤ ከዚያ ወዲህ ሰው ቧንቧውን ሲያሠራው «አጥብቀው፣ እኔ ወንድም የለኝም» እያለ ይቀልዳል።

አሁን ሁለተኛ ተውኔት ጀምሯል አሉ። አሉ የምለው ለእኔ ስላላነበበልኝ ነው። ድሮ መጀመሪያ የሚያነበው ለእኔ ነበር። አሁን ቦርሳውን አንግቶ «ደህና ዋሉ፣ አባባ» ይልና በበሬ አልፎ ወደ ተዋናዩ ቤት ይወጣል። አልከፋኝም። የራሴ ሥራ ያለኝ ሰው ነኝ፤ የሰው ወረቀት የምጠብቅበት ጊዜም የለኝም። በዚህ ዕድሜዬ ስለ አንድ ቧንቧ ሠሪ ማሰብ ለክብሬም አይመጥንም።

ዛሬ ጧት ግን የእኔ ቧንቧ ማንጠባጠብ ጀምሯል። ከእርጅናው ነው እንጂ ማንም አልነካውም። የቢላዋዬ ጫፍ የታጠፈው ዳቦ ስቆርጥ ነው። ልኬበታለሁ፤ እየመጣ ነው። ወረቀቱንም ይዞ እንዲመጣ ነግሬዋለሁ፤ ዳቦው ደረቅ ነበር።