አንቱታ በተኩስ መሃል

እስቲ ፍረዱኝ! በስልክ የምንጫወተው የተኩስ ጌም አራት ሰው ተጋግዞ ኮምፒውተሩን የሚገጥምበት አዲስ አጨዋወት አመጣ። እኔ ቡድን ውስጥ የገቡት ስምንተኛ ክፍል ያስተማሩኝ፣ አሁን ጡረታ የወጡት ጋሽ አያሌው ናቸው። ደብረ ታቦር ተወልዶ መምህሩን «አንተ» የሚል አፍ አለ እንዴ?

ጠላት ከኋላቸው ሲመጣ አየሁና «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ከኋላዎ ጠላት መጥቷል፣ እባክዎ ጎንበስ ይበሉ!» አልኳቸው። ገና «እባክዎ» ላይ ስደርስ ተመተው ወደቁ። የቀሩት ሁለቱ የቡድናችን ተጫዋቾች፣ የአዲስ አበባ ልጆች፣ «ጎንበስ በል አትለውም?» ብለው ጮኹብኝ።

ጋሼም በማዳመጫው «ልጄ፣ እዚህ እንኳ አንተ በለኝ» አሉ።

«እርስዎ ይሙቱ፣ አልልም!»

«ከዚህ በላይ ምን ልሙትልህ?»

ይሁና! አንቱ እንደተባሉ ነው የሞቱት።