የሦስት መቶ ዓመት መርዶ

የሩቅ ሰው ሞት ለምን ቶሎ እንደሚነገረን አስባችሁበት ታውቃላችሁ? እኔ አስቤበታለሁ። ጀርመን አገር፣ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ሳረጅ ሌላ ምን ሥራ ነበረኝ? ከሦስት መቶ ዓመት በፊት ጎንደር ላይ ንጉሡ በገዛ ወገኖቻቸው ሲገደሉ፣ ፈረንሳይ ውስጥ ያ ዕድሜ የጠገበ ንጉሥ ሞቶ ዙፋኑ ለሕፃን ሲተርፍ፣ የሩሲያው ገዥ ረግረግ ላይ ከተማ ሲቆረቁር፣ እዚያው የነበርኩ ያህል አውቃለሁ። ዱብቲ ሆስፒታል ጡረታ እስክትወጣ የሠራችው ታናሽ እህቴ ዘነበች እንዴት እንዳለች ግን በወጉ አላውቅም ነበር። አንድ ቀን ልጇ አልማዝ ደውላ «ትንሽ አሟታል፤ ብትመጪ ጥሩ ነው» አለችኝ። ይህች «ትንሽ» በእኛ አገር ስንት ዓይነት መጠን እንዳላት ታውቃላችሁ። እህቴን በሕይወት ልድረስባት ብዬ መጣሁ።

ከአዋሽ የተሳፈርኩበት ሚኒባስ አዋሽ አርባን አልፎ ብዙም ሳይሄድ ራዲያተሩ ፈላ። ሾፌሩ ክዳኑን በጨርቅ ይዞ ቢከፍተው እንፋሎቱ እንደ ተቆጣ ሰው ወጣ። ወረድን። አንዲት ግራር ሥር፣ ጥላ ልበለው እንጂ ጥላ አይባልም፣ አጠገቤ አንድ አፋር ሽማግሌ ተቀመጡ። ሐጂ ሁመድ ይባላሉ። ዱላቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው ዳጉ ጠየቁኝ። ለማታውቁት፣ አፋር መንገድ ላይ ሲገናኝ ቁጭ ብሎ ያየውንና የሰማውን ይለዋወጣል፤ ዳጉ የሚባለው ይህ ነው። የታየው እንደታየ፣ የተሰማውም ከማን እንደተሰማ ይነገራል። መደበቅ ነውር ነው። ቸኩያለሁ ማለትም እንደዚያው።

ምን ልንገራቸው? ከአገሬ ወሬ ባዶዬን ነኝ። እንፋሎቱን እያየሁ፣ የእንግሊዝ ሰዎች በእንፋሎት ጉልበት ከማዕድን ጉድጓድ ውሃ የሚስብ ማሽን እንደሠሩ፣ በዚያው ሰሞን ደግሞ አንድ ሰው ሜርኩሪን ቀጭን ብርጭቆ ውስጥ ከትቶ ሙቀት መለኪያ እንዳበጀ ነገርኳቸው። በጥሞና ሰሙኝ። ከማን እንደሰማሁ ጠየቁ። ከመጽሐፍ አልኩ። ቅር አላቸው፤ መጽሐፍ መልሰው አይጠይቁት።

«ሰውየው ደህና ነው?»

«ሞቷል።»

«አላህ ይርሐመው። መቼ?»

«ሦስት መቶ ዓመት ሊሆነው ነው።»

አተኩረው አዩኝ። «እናንተ ደገኞች ሞት ስትነግሩ ትዘገያላችሁ» አሉኝ።

ሳቅሁ። ከመጣሁ ወዲህ የመጀመሪያ ሳቄ ነበር።

ተራው የእሳቸው ሆነ። የግመል ገበያውን፣ ዝናቡ የት እንደጣለ፣ ማን እንዳገባ ነገሩኝ። ከዚያ ወደ እኔ ወሬ ተመለሱ።

«ያልሽውን ብርጭቆ አውቀዋለሁ። ዱብቲ ሆስፒታል ዘነበች የምትባል ሴት ትይዘው ነበር። ልጄ በወባ ሲነድ ከራስጌው ሳትነሳ አስታማዋለች። ሞታለች። እኔ አላየሁም፤ ቀብሯ ላይ የቆመ ሰው ሎግያ ከተማ ላይ ነገረኝ። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ወጥቷል።»

እህቴ ናት አልኳቸው።

የእኔ አገር ሰው ቢሆን ኖሮ ይሄኔ ሞክሼ ትሆናለች፣ ወሬ ነው፣ ምን ይታወቃል ይል ነበር። እኛ መንገደኛ አናረዳም፤ አስበልተን፣ አስተኝተን፣ ጎረቤት ሰብስበን በማለዳ ነው። ሐጂ ግን ቃላቸውን አላጠፉም። ዱላቸውን መሬት ላይ አኑረው፣ ራዲያተሩ እስኪበርድ ድረስ አጠገቤ ተቀመጡ።

ዱብቲ ስደርስ አልማዝ በር ላይ ጠበቀችኝ። ለእኔ ስትል ጥቁሯን አውልቃ ቢጫ ቀሚስ ለብሳለች። ያበጡ ዓይኖቿን ግን የት ታውልቃቸው? እናቷ ሆስፒታል እንደተኛች፣ ዛሬ ጠያቂ እንደማያስገቡ፣ ነገ በማለዳ አብረን እንደምንሄድ ነገረችኝ። ጎረቤቶች አንድ በአንድ ብቅ እያሉ እንኳን ደህና መጣሽ ይሉኛል፤ ዓይኔን ግን አያዩም። ተመካክረዋል። አንድ ሌሊት በሰላም ልተኛ ብለው ፈርደውልኛል። ይህን ከእጃቸው ልንጠቀው? ሐጂ ቢሆኑ ይናገሩ ነበር። እኔ ነገ ማለዳ እንዳልሰማ ሆኜ እሰማለሁ።

ዝም ማለቱ ግን አልሆነልኝም። «ትኩሳቷስ?» አልኳት።

አልማዝ ሳህኑን ፊቴ አስቀመጠች።

«ወርዷል፣ አክስቴ።»

እሷ እፎይ እንድትል በላሁ።