ዋይፕ አድርግ

የእኛ «ማድረግ» የሚገርም ግስ ነው! አትላንታ ከገባ ወዲህ የማይሸከመው የእንግሊዝኛ ቃል የለም። ፓርክ ያደርጋል፣ ድራይቭ ያደርጋል፣ ሲደክመው ሪላክስ ያደርጋል። አንድ ጉድለት ብቻ አለበት፤ እንግሊዝኛ ከግሱ ኋላ የሚያስከትላቸውን እነ «ኦን»ንና እነ «ኦፍ»ን መንገድ ላይ ያንጠባጥባቸዋል። ሁለት ፊደል ቢንጠባጠብ ምን ይመጣል ትሉኝ ይሆናል። እኔን ከሥራ ሊያስባርረኝ ነበር!

በዲቪ መጥተን አትላንታ ዳር ሊልበርን ቤት ከተከራየን በኋላ፣ ጎረቤት ከተማ ሎረንስቪል ያለ የቡሎንና የዳዶ መጋዘን ቀጠረኝ። የመጀመሪያ የአሜሪካ ሥራዬ ስለሆነ ደስታዬ ልክ አልነበረውም፤ ባለቤቴማ ለሰፈሩ ሁሉ ደውላለች። አዲስ አበባ ሃያ ዓመት ጂኦግራፊ ሳስተምር ቡሎን ትዝ የሚለኝ ወንበሬ ሲነቃነቅ ብቻ ነበር። ደግነቱ የክፍሉ ኃላፊ የእኛው ልጅ ናት። ሜሮን ትባላለች፤ እዚሁ አድጋ ኢንጂነሪንግ የተማረች፣ «እኔ አሠለጥነዋለሁ» ብላ አለቃችን ፊት ዋስ የሆነችኝ።

አንድ አርብ ከሰዓት፣ አንድ ሳጥን ቡሎንና አንድ ባልዲ ዘይት አስቀምጣልኝ እየተጣደፈች፣

«ጋሼ፣ እነዚህ ሰኞ ሺፕ ይደረጋሉ። ኦይሉን ዋይፕ አድርግ፣ ኦኬ?» አለችኝ።

«ኦኬ!»

ዋይፕ መጥረግ መሆኑን አላጣሁትም። ቡሎኖቹም ከፋብሪካ ይዘውት የመጡት ስስ ቅባት ነበረባቸው። ጠረግኩ። እኔ ሥራ ስወድ ደግሞ ለጉድ ነው፤ በመጥረግ አልረካ ብዬ በሙቅ ውኃና በሳሙና አጠብኳቸው። እንዴት አብረቀረቁ መሰላችሁ! ነፋስ ያግኛቸው ብዬ ዝናቡ ሲያባራ በከፈትኩት መስኮት ሥር ደረደርኳቸውና እያፏጨሁ ወደ ቤቴ ነዳሁ። ስለ እርጥበት ሃያ ዓመት ያስተማረ ሰው!

ሰኞ ጠዋት ቡሎኖቹ በርበሬ የተነሰነሰባቸው መስለው ጠበቁኝ። ሜሮን ራሷን ይዛ ጮኸች።

«ኦ ማይ ጋድ! ጋሼ፣ ዋይፕ ኦን እኮ ነው! ዘይቱ ላይክ... እንዳይዝግ ነው!»

ለካ የባልዲው ዘይት የዝገት መከላከያ ኖሯል፤ እንድቀባው እንጂ እንድጠርግ አልታዘዝኩም። ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል፤ እሷ አነጋገሩን፣ እኔ አያያዙን ተካፈልን። ይህን ጊዜ አለቃችን ብቅ አለ። ለባለቤቴ ምን ብዬ ልናገር ነው?

ሜሮን፣ አፈር አይንካትና፣ «ጥፋቱ የእኔ ነው» ብላ ቀደመችኝ። ሰውየው ግን አልሰማትም። የዛገውን በአንድ እጁ፣ ከሌላ ሳጥን ያነሣውን ዘይት የተቀባ በሌላው ይዞ አስተያየና በሳቅ ፈነዳ! የዘይቱን ጥቅም ለደንበኛ በአፉ ሲያስረዳ ዓመታት አልፈውታል፤ አሁን ማሳያ አገኘ። የሰኞውን ጭነት ከሌላ ሳጥን አሟላ፤ የእኔን ጉድ ከተቀባው ጎን አድርጎ እንግዳ መቀበያው ጠረጴዛ ላይ ሰየመው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ በየወሩ አንድ ሳጥን ለናሙና እንዳዛግለት አዘዘኝ።

በሥራ ሰዓት ሲያዛጋ የተባረረ ሰው አውቃለሁ። በሥራ ሰዓት እንዲያዛግ የተቀጠረ ግን ከእኔ ሌላ ካለ አስተዋውቁኝ!