«ጎበዝ ነኝ» ማለት የማይሆንላቸው

በጡረታ እስክሰናበት ድረስ የሥራ አመልካቾችን ቃለ መጠይቅ አደርግ ስለ ነበር፣ የእህቴ ልጅ ሕሊና ለሐኪም ረዳትነት ድኅረ ምረቃ ትምህርት ስታመለክት፣ ፍሌሚንግደን ፓርክ በሚባል የባሕር ማዶ ሰፈር ካለው ቤታችን ሳሎን ተቀምጬ አለማመድኳት።

«ጠንካራ ጎንሽ ምንድን ነው?»

«እሱን እንኳ ሌላ ሰው ቢናገረው ይሻላል።»

አንባቢ ሆይ፣ ከዚህ የበለጠ ጨዋ መልስ ይገኛል? አገር ቤት በእኛ መሥሪያ ቤት «ጎበዝ ነኝ» ያለ አመልካች በዚያው ይሰናበት ነበር። ሙሉ ነጥብ ሰጠኋት።

ከእውነተኛው ቃለ መጠይቅ ስትመለስ ጫማዋን ሳታወልቅ «ጋሼ፣ ጉድ ሠሩኝ!» አለች። «እርስዎ እንዳስተማሩኝ መለስኩ። ‹ታዲያ ማንን እንጠይቅ?› አሉኝ።»

«ምን አልሽ?»

«‹አጎቴን› ነዋ! የእርስዎን ስልክ ሰጠኋቸው።»

ለምስክርነቱ ተዘጋጅቼ፣ ስልኬን ቻርጅ አድርጌ ከረምኩ። የደወለልኝ የለም። የትምህርት ቤቱ ውሳኔ ግን ሰኔ ሦስት ቀን ደረሰ፤ ሕሊና በተጠባባቂነት ተይዛለች።